የፈንታነሽ ዋንዛ

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

ምን ሆናችኋል፣ ምሳ አልበላችሁም እንዴ? ይቺ ድምፅ እኮ ዝንብ አታባርርም። ጮክ በሉ! ተረት ተረት!

«የመሰረት!!»

እንዲህ ነው እንጂ። ቢተው፣ እግርህን ሰብስብ። እናኑ፣ ወዲህ ጠጋ በይ፣ ፀሐዩ እየመታሽ ነው። ይሄ ተረት ትንሽ ሆድ ያባባል። በኋላ «አስለቀስሽን» ብሎ ለእናቱ የሚከሰኝ ካለ ካሁኑ ተነስቶ ይሂድ። የለም? በሉ ስሙኝ።

በድሮ ጊዜ፣ ሰውና እንስሳ ሲነጋገር፣ ዛፍም ሲከፋው አፍ አውጥቶ ሲናገር፣ ዝግባ ሜዳ የሚባል አገር ነበር። በዚያ አገር ያልበቀለ ዛፍ አልነበረም። ዝግባው አለ። ጥዱ አለ። ወይራው፣ ሾላው፣ ኮሶው፣ ብሳናው አለ። ኮሽሙና ቀጋውማ አጥር ለአጥር ነው። ልጅ ምንም ሳይቀምስ ከቤቱ ቢወጣ እንኳ ጠግቦ ይገባል። ወፉስ ብትሉ! ማለዳ ወፎቹ ከጀመሩ ሰው ከሰው አይደማመጥም ነበር።

የዚያ አገር ንጉሥ ድንበሩ ይባላል። ንጉሥ ድንበሩ አንድ አመል ነበረበት። ጎባጣ ነገር አይወድም። መንገድ ከታጠፈ ይቆጣል። የበሬ ቀንድ ከቆለመመ ይቆጣል። ድመት እንኳ ጅራቷን ብትጠቀልል «ዘርጊው!» ይላታል። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው።

አንድ ቀን ሰገነቱ ላይ ወጥቶ አገሩን አየ። ዛፉ አንዱ ወዲህ ዘሟል፣ አንዱ ወዲያ ዘሟል። ቅርንጫፉ ተጠላልፏል። ወፉ ይንጫጫል። ንጉሡ ራሱን ያዘ።

«ይሄ አገር ነው ወይስ ያልተበጠረ ጠጉር?» አለ።

ነጋሪት አስጎሰመ። ጎባጣ ዛፍ ሁሉ ተቆርጦ፣ በቦታው ከሩቅ አገር ያስመጣው ዛፍ እንዲተከል አዘዘ። ያ ዛፍ ቀጥ ያለ ነው። ሲተከልም በመስመር ነው። ሰዉ «ዘንጌ» ብሎ ጠራው። ዘንጌ አያፈራም። ወፍ የምታርፍበት ቅርንጫፍ የለውም። ንብ የምትቀስመው አበባ የለውም። ውሃ ግን ይጠጣል፤ አጠጣጡ ደግሞ አይጣል ነው።

አሁን ወደ አንጓች እንምጣ። አንጓች ባሏ የሞተባት ሴት ነች። ያለቻት አንዲት ልጅ ብቻ ነች፣ ፈንታነሽ። ደጃፋቸው ላይ አንድ ያረጀ ዋንዛ ነበረ። ዋንዛ ታውቃላችሁ አይደል? ፍሬው ቢጫ ሆኖ፣ ሲበሉት ጣት ላይ እንደ ሙጫ የሚጣበቀው። ፈንታነሽ የዋንዛ ነገር አይሆንላትም። ዛፉ ላይ ከወጣች እናቷ ብትጠራት አትሰማም። ወፎቹ ካንዱ ጫፍ ይለቅማሉ፣ እሷ ከሌላው ጫፍ ትለቅማለች።

የንጉሡ መጥረቢያ ያዦች የመጡ ቀን ፈንታነሽ ዛፉ ላይ ነበረች።

«ውረጂ!» አሏት።

«አልወርድም! ዛፋችንን አትንኩ!»

አንጓች ውሃ ቀድታ ስትመለስ አየች። እንስራዋን ጥላ ሮጠች። «ልጄ አለች! ልጄ ዛፉ ላይ ነች! በእናታችሁ፣ ተዉ!» ማን ሊሰማት። ዛፉ ተገንድሶ ወረደ።

ሲወድቅ ግን አንድ ነገር ሆነ። ቅጠሉ ውስጥ የነበረው ወፍ ሁሉ ባንድ ጊዜ ግር ብሎ ተነሳ። ትልቁ፣ ትንሹ፣ ቀዩ፣ ጥቁሩ። ሰማዩ በወፍ ተሸፈነ። አንጓች ቅርንጫፉ መሃል ገብታ ቅጠሉን ገላለጠች። ፈንታነሽ የለችም። ያን ጊዜ ዋንዛው በሚሞት ሰው ድምፅ ተናገረ።

«አንጓች፣ እዚህ አትፈልጊያት። ወድቃ እንዳትሞትብሽ ወፍ አድርጌያታለሁ። በዚህ ምድር፣ አንቺ በእጅሽ ያሳደግሽው ዋንዛ ያፈራል። ከፍሬው የቀመሰች ቀን ተመልሳ ሰው ትሆናለች።»

«የቷ ወፍ ነች?» አለች አንጓች። «የቷ? ንገረኝ እንጂ!»

ዋንዛው ሊመልስላት ሲል ትንፋሹ ተቆረጠ።

ምን አልክ ቢተው? የቷ ወፍ እንደሆነች? እኔ ምን አውቄ! እናቷ ያላወቀችውን እኔ ከየት አመጣዋለሁ? ዝም ብለህ ስማ።

ወፎቹ የሚያርፉበት ሲያጡ አገር ለቀው ሄዱ። ዝግባ ሜዳ ጭጭ አለ። ሰው ማለዳ ይነቃና ጆሮውን የደፈነው ይመስለዋል። አንጓች ዳቦ በቆረሰች ቁጥር አንድ ቁራሽ ለፈንታነሽ ታስቀምጣለች። የሚበላው የለም። በማግስቱ ለዶሮዎቿ ትበትነውና ደግሞ ሌላ ታስቀምጣለች። ደጅ ኮሽ ባለ ቁጥር ብድግ ትላለች። ነፋስ ነው። ሰማይ ሰማይ ስታይ ትውላለች፤ አንዲት ወፍ እንኳ አታልፍም። ሞታ ቢሆን አልቅሰው ይቀብሯታል። ፈንታነሽ ግን አልሞተችም፣ የለችምም። ናፍቆቱ አንጓችን አጥንቷ ድረስ ዘለቃት።

እያደር፣ «ቁጭ ብዬ ብናፍቅ ማን ያመጣልኛል?» አለች። የዋንዛ ዘር ፍለጋ ወጣች። በአገሩ ላይ ዘር ጠፍቷል። መጥረቢያ ያዦቹ ያልደረሱበት አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶ ነበር፣ እሱም ካገሩ ዳር ያለው ገደል ነው። ወደዚያ ሄደች።

ገደሉ አፋፍ ላይ ጉሬዛ አገኘች። ያን ነጭ ካባውን ለብሶ ድንጋይ ላይ ኩርምት ብሏል።

«ምን ሆንክ አያ ጉሬዛ?» አለችው።

«ዝግባዬን ቆረጡብኝ። ድንጋይ ላይ መቀመጥ አለመድኩም፣ ወገቤን ገደለኝ። አንቺስ ምን ሆንሽ?»

«ልጄን አጣኋት። የዋንዛ ዘር እፈልጋለሁ።»

ጉሬዛ ገደሉን ቁልቁል ወረደ። ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ከበቀለች አንዲት ዋንዛ ዘር ለቅሞ ተመለሰ። እጁን ግን አልከፈተም።

«ወንፈል እንግባ» አለ።

ወንፈል ታውቃላችሁ? ዛሬ እኔ ያንተን እሠራለሁ፣ ነገ አንተ የኔን ትሠራለህ። ያንን ያልመለሰ ሰው፣ ሰው አይባልም። ያኔ እንስሳውም ይሄን ያውቅ ነበር።

«እኔ ዘሩን ልስጥሽ፣ አንቺ ዝግባ ትከይልኝ» አለ ጉሬዛ።

«እሺ» አለች አንጓች።

ትንሽ ወረድ ስትል ሽኮኮ አገኘች። ከአለቱ ሥር ብቅ ይላል፣ እልም ይላል። ብቅ ይላል፣ እልም ይላል።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነሃል?»

«ጭልፊት ነዋ! የምሸሸግበት ቁጥቋጦ አልተረፈም። ስሚኝ፣ ወንፈል እንግባ። ዋሻችን ውስጥ ከቅድመ አያቶቼ ጀምሮ የተከመረ ፍግ አለ። ዘርሽ ያለሱ አይጠነክርልሽም። እኔ ፍጉን ልስጥሽ፣ አንቺ ኮሽም ትከይልኝ። እሾሁ የበዛውን!»

«እሺ» አለች አንጓች።

ጥቂት እንደሄደች አንዲት ንብ መጥታ እጇ ላይ አረፈች። ክንፏ ይንቀጠቀጣል።

«ዋንዛሽ ያብብልሻል» አለች ንቧ። «እኔ ከአበባ አበባ ካልዞርኩበት ግን አያፈራልሽም። ወንፈል እንግባ። እኔ እዞርልሻለሁ። ግን ዋንዛሽ እስኪያብብ ምን በልቼ ልቆይ? ግራዋ ትከይልኝ።»

«እሺ» አለች አንጓች።

አያችሁልኝ? አንዲት ዋንዛ ልትተክል የወጣች ሴት የደን ሙሉ ሥራ ተሸክማ ገባች።

ብቻዋንማ እንዴት ትወጣዋለች! ጎረቤቶቿን ጠራች። መጀመሪያ የመጡት አያ ደምለው ናቸው። አያ ደምለው ነገረኛ ሽማግሌ ናቸው።

«አንቺ ሴት አብደሻል?» አሉ። «ንጉሡ ቢሰማ ሁላችንንም አይምረን!» ቀጥለው ደግሞ፣ «ወይራም አብራችሁ ትዘራላችሁ?» አሉ።

«እንዘራለን አያ።»

«በወይራ የታጠነ እርጎ ከቀመስኩ ስንት ዘመኔ። ሳልሞት አንዴ...» አሉና እንባቸው መጣ። መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

ቀጥለው እትዬ ጠጂቱ መጡ። «እኔ ሾላ ነው የናፈቀኝ» አሉ። «ሾላው ሥር ተቀምጠን ስንፈትል፣ ስናወራ፣ ስንስቅ ነበር የምንውለው። ጥላው ሲጠፋ ሰዉም እየቤቱ ገባ። ጓደኞቼን ካየኋቸው ቆየሁ፣ ቤታቸው እኮ እዚሁ ነው።» እሳቸውም አለቀሱ። ከዚያማ ሁሉም መጣ። ለካ በየቤቱ አንዳች ነገር ያልናፈቀው ሰው አልነበረም።

የሌላውን ዛፍ ዘር ጉሬዛው ከገደሉ ለቅሞ አመጣላቸው። ወንዙ ዳር የችግኝ መደብ ሠሩ። አፈሩን በወንፊት ነፉት። በሽኮኮው ፍግ ለወሱት። የኮባ ቅጠል እየጠቀለሉ አፈር ሞሉበት፤ ባንዱ ጥቅልል ዋንዛ፣ ባንዱ ዝግባ፣ ባንዱ ሾላ ዘሩበት። ኮሽሙንና ግራዋውንም ዘሩ። ፀሐይ እንዳያቃጥለው ከላይ የሳር ዳስ ጣሉለት። ውሃ የሚያጠጡት በቅል ነው፣ በተራ። ተረኛ የቀረ እንደሆነ እትዬ ጠጂቱ ደጁ ድረስ ሄደው ያጮሁታል።

ያስቸገሩት አያ ደምለው ናቸው። የወይራ ዘር ድንጋይ ነው፣ ቶሎ አይበቅልም። እሳቸው ደግሞ አያስችላቸውም። ጠዋት ጠዋት ዘሩን ከአፈር ያወጡና «በቀልክ?» ብለው ያዩታል። መልሰው ይቀብሩታል።

«አያ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ይተዉት!» ትላቸዋለች አንጓች። «እንዲህ እየቆፈሩት እንዴት ይብቀል?»

«አየሁት እንጂ ምን አደረግኩት!» ይላሉ እየተቆጡ።

ዋንዛዋ በቀለች። መጀመሪያ ሁለት ቅጠል፣ ቀጥሎ አራት። አንጓች እፊቷ ትንበረከክና፣ «እደጊልኝ እናቴ። ልጄ ያለችው አንቺ ጋ ነው» ትላታለች። ሰው ከመጣ አፈር የምታስተካክል ትመስላለች።

ይሄን ጊዜ ወሬው ንጉሡ ጆሮ ገባ። በቅሎውን ጭኖ፣ ወታደሩን አስከትሎ፣ በጠራራ ፀሐይ መጣ። ዳሱን አስነስቶ መደቡን አየና ፊቱ ደም መሰለ።

«ደግሞ ጎባጣ? ደግሞ ጥምዝምዝ? ይነቀል!»

አያ ደምለው ከእትዬ ጠጂቱ ኋላ ተደበቁ። አንጓች ወደፊት ወጣችና መሬት ስማ ተነሳች።

«ጃንሆይ» አለች፣ «መሬቱ ሁሉ የእርስዎ ነው። ብዙ አልለምንም። የእነዚህ ችግኞችና የዘር ማንዘራቸው ጥላ ያረፈበትን መሬት ብቻ ይስጡን። ከዚያ ያለፈውን አንነካም።»

ንጉሡ አጎንብሶ አየ። ፀሐይ አናት ላይ ነች። ጥላ የሚባል ነገር የለም፣ ቢኖር የጣት ጥፍር ቢያህል ነው። ንጉሡ ከት ብሎ ሳቀ።

«የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!» አለ። «ጥላቸው ያረፈበት መሬት ሁሉ የእናንተ ነው! እኔም ሆንኩ ወታደሬ ከዚያ ላይ ቅጠል አንበጥስም!»

ሕዝቡ ሰማ። ወታደሩ ሰማ። ንጉሥ ከማለ ማለ ነው። ቀጥ ያለ ነገር የሚወድ ንጉሥ ደግሞ ቃሉን እንዴት ያጥፍ?

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥላው ተዘረጋ። መደቡን አልፎ የዘንጌው ዛፍ መስመር ድረስ ሄደ። ጎረቤቶቹ ጥላው የደረሰበት ሁሉ እየሮጡ ድንጋይ አኖሩ። ወታደር ወደ ንጉሡ ሮጠ።

«ጃንሆይ፣ ጥላው ተዘረጋ!»

«ማን ዘረጋው?»

«ፀሐይ።»

«እሰሯት!» አለ ንጉሡ። ወታደሩ ገመድ ይዞ ቆመ። ንጉሡም ያለውን ሰማና አፈረ። ምን ያድርግ፣ ምሏል።

ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። ችግኞቹን ከመደቡ አውጥተው ድንጋይ ባኖሩበት ሁሉ ተከሏቸው። ወገብ ደረሱ፤ ሲያድጉም ከዋንዛዋ በቀር ሌሎቹ አፈሩ። ከነሱ ዘር ሌላ ችግኝ አፈሉ፤ ጥላው በደረሰበት ያንን ተከሉ፤ የዚያኛውም ጥላ ወደፊት ሄደ። ወታደር ደግሞ ሮጠ። «ጃንሆይ፣ ጥላው ኮረብታውን ወጣ!» ንጉሡ ጥርሱን ነከሰ። ምን ያድርግ፣ ምሏል።

ደግሞ ብዙ ክረምት አለፈ። ጥላው ኮረብታውን ወርዶ የንጉሡ ግቢ በር ላይ ደረሰ። አሁን የሚሮጥ ወታደር አላስፈለገም፣ ንጉሡ ራሱ አየው። በዚያ ዓመት ዘንጌው የግቢውን ምንጭ ጠጥቶ ጠጥቶ አድርቆት ነበር። ሙቀቱ አያድርስ ነው። ንጉሡ ላቡን እየጠረገ ከበር ወጣ። ወዲህ አየ፣ ወዲያ አየ፣ የሚያየው የለም ብሎ ጥላው ሥር ቁጭ አለ። እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ አንጓች ፊቱ ቆማለች።

«ጃንሆይ፣ የተቀመጡበት መሬት የማን ነው?» አለችው።

ንጉሡ መሬቱን አየ። ቀና ብሎም አየ። ከላዩ አንድ ጎባጣ ቅርንጫፍ ተዘርግቷል፣ ነፋሱ ደግሞ ሽው ይላል።

«የእናንተ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ልነሳ?»

«የለም፣ ይቀመጡ። መጥረቢያ ያዦችዎን ብቻ ወደየቤታቸው ይስደዱልን።»

ሰደዳቸው። ፀሐዩ ውጭ እየጠበቀው ሌላ ምን ምርጫ አለው!

አንጓች ወንፈሏን መለሰች። ጉሬዛው ዝግባው ላይ ወጥቶ ተንፈላሰሰ። ሽኮኮው ኮሽሙ ሥር ገብቶ ጭልፊቱ ላይ ምላሱን አወጣበት። ንቧ ግራዋው ላይ ዋለች። የአያ ደምለውም ወይራ በቅሎ ነበር፤ የታጠነውን እርጎ የቀመሱ ቀን ዐይናቸውን ጨፍነው ጠጡ። ሁሉም የናፈቀውን አገኘ። አንጓች ብቻ ቀረች። ጠጉሯ ሸብቷል። ዳቦ ስትቆርስ አሁንም አንድ ቁራሽ ታስቀምጣለች።

አንድ ዓመት ዋንዛዋ ነጭ አበባዋን አወጣች። ንቧ ዘመዶቿን ሁሉ ይዛ መጥታ ዞረችላት። አበባው ረገፈ፣ ፍሬ ያዘ፣ ፍሬው ቢጫ ሆነ። አንጓች እንደ ልጅ ዘለለች። «ዘንድሮ ልጄ ትመጣለች!»

ወፎቹም የደኑን ወሬ ሰምተው መመለስ ጀመሩ። አንድ ሁለት እያሉ መጡና ዋንዛዋ ላይ ሠፈሩ። አንጓች ይሄን ስታይ ምን አደረገች መሰላችሁ? ደነገጠች! «ሊጨርሱት ነው! ለልጄ ምን ሊቀርላት ነው?» አለች። ጎረቤቶቿም የገበሬ ልማዳቸው ነውና፣ ማሽላ ሲያሽት እንደሚያደርጉት፣ ዋንዛዋ አጠገብ ማማ ሠሩላት። አንጓች ማማው ላይ ወጣች። ወንጭፏን አነሳች። «ሃይ! ሃይ! ዞር በይ!»

ምን ያስቃችኋል? እናንተስ ማሽላ ስትጠብቁ ሌላ ነገር ታደርጋላችሁ? እጇ የለመደውን ሠራ እንጂ እሷማ ልቧ ልጇ ጋ ነበር።

አንዲት ግራጫ ኮሳሳ ወፍ መጣች። መልክ የላትም። ዜማ የላትም። ከቅርንጫፉ ዳር አርፋ አንጓችን አየቻት። አንጓች ጮኸችባት። ወፏ ሄደች።

ደግሞ ተመልሳ መጣች። አንጓች ጅራፏን አጮኸችባት። ወፏ ሄደች።

ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። «ምን ዓይነት ደረቅ ወፍ ነች!» አለች አንጓች። ወንጭፏን አሽከረከረችና ወረወረች። ድንጋዩ ግራ ክንፏን አገኛት። ወፏ ሲጥ አለች። እየተንከባለለች ወርዳ ኮሽሙ ውስጥ ገባች።

ጉሬዛ ከዝግባው ላይ ይሄን ሁሉ ያያል።

«አንጓች» አላት፣ «ማንን ነው የምትጠብቂው?»

«ልጄን ነዋ።»

«የምታባርሪውስ ማንን ነው?»

«ወፍ።»

«ልጅሽ ምንድን ነች?»

 ወንጭፉ ከአንጓች እጅ ወደቀ።

«ሳያት አውቃታለሁ ብዬ እኮ ነው» አለች። «የኔ ልጅ ያማረች ወፍ ትሆናለች፣ መጥታ እማዬ ትለኛለች ብዬ እኮ ነው። የቷን ነው የመታሁት? ስንቴ መጥታ ስንቴ አባረርኳት? ወይኔ! ወይኔ ልጄን!»

ወረደችና ማማውን በገዛ እጇ አፈረሰችው።

«ኧረ ፍሬውን ይጨርሱታል!» አሉ አያ ደምለው።

«ይጨርሱት። የኔዋ የቷ እንደሆነች አላውቅም። ሁሉም ይብሉ።»

ወፎቹ መጡ። ሠፈሩበት እላችኋለሁ! አንጓች ከዛፉ ሥር ተቀምጣ ባረፈች ወፍ ሁሉ ቀና ትላለች። «አንቺ ነሽ?» ትላለች። ወፏ በልታ ትበራለች። «አንቺ ነሽ?» ሌላዋም ትበራለች። ፍሬው ከላይ አለቀ። ከመሃል አለቀ። ዝቅ ያለው ቅርንጫፍ ላይ አንድ ዘለላ ቀረ።

ይሄኔ ያቺ ግራጫ ወፍ ከኮሽሙ ብቅ አለች። ግራ ክንፏ ተንጠልጥሏል። መብረር አልቻለችም፣ በእግሯ ነው። ፍሬውን አየች። አንጓችን አየች። ተመልሳ ገባች። አንጓች ስትጠጋ ትገባለች። አንጓች ራቅ ስትል ብቅ ትላለች።

«እያየሻትማ አትወጣም» አለ ሽኮኮ ከኮሽሙ ሥር። «እኔ መፍራትን አውቃለሁ። ዐይንሽን ነው የፈራችው።»

አንጓች ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርጋ ወፏ በእግሯ እንድትደርስበት በድንጋይ አስደገፈችው። ከዚያ ወደ ወንዙ ሄደችና ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ዘመን አንዴ ባየኋት እያለች ሰማይ ሰማይ ስታይ የኖረች ሴት ጀርባዋን ሰጠች! መዞር ፈለገች። አንገቷ በራሱ ሊዞርባት ሆነ። ሳሩን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች።

«እሷ ባትሆንም ትብላ» አለች። «የመታኋት እኔ ነኝ።»

ከኋላዋ ቅጠሉ ተንሿሿ። ዝም አለ። ደግሞ ተንሿሿ። ከዚያ ሳሩ ላይ የእግር ድምፅ መጣ። የወፍ እግር አይደለም። አንጓች ብዞር ትጠፋብኛለች ብላ ፈራች። አንዲት ትንሽ እጅ ትከሻዋን ነካቻት፣ ጣቶቿ እንደ ሙጫ ይጣበቃሉ።

«እማዬ።»

አንጓች ዞረች። ፈንታነሽ ነች። ያኔ በሄደችበት ዕድሜዋ፣ ያኔ በሄደችበት ቁመቷ። ግራ ክንዷ ግን አብጧል። እናቷን ትክ ብላ አየቻት፣ ሽበቷንም አየች።

«እማዬ፣ ለምን ነበር የምታባርሪኝ?» አለቻት።

«ስላላወቅኩሽ ነው ልጄ። ስላላወቅኩሽ ነው።»

ፈንታነሽ ወደ ዋንዛው ዞር አለች።

«እሺ፣ ሌሎቹንስ? እነሱም እኮ ርቧቸው ነበር።»

አንጓች ያበጠውን ክንዷን እንዳታሳምማት እየተጠነቀቀች አቀፈቻትና አለቀሰች። ጉሬዛው አለቀሰ። አያ ደምለውም «ዐይኔ ውስጥ ትቢያ ገባ» አሉ፣ ማንም አላመናቸውም።

ከዚያ ወዲያ የዝግባ ሜዳ ሰው ማሽላውን ይጠብቃል፤ ደኑ ውስጥ ግን ማማ የሚሠራ ጠፋ። ክረምት በመጣ ቁጥር መደቡን ያድሳሉ፣ ዘር ይለቅማሉ፣ ችግኝ ያፈላሉ።

እንግዲህ ትምህርቱ ይሄ ነው። ያገራችሁን ዛፍ ዝሩ። ብቻችሁን አትችሉትም፣ በወንፈል አድርጉት። ሲያፈራ ደግሞ «የኔ ነው» ብላችሁ ወፉን፣ ጉሬዛውን፣ ሽኮኮውን አታባርሩ። ለነሱም ቤታቸው ነው፣ ለነሱም ምሳቸው ነው። ቢተው፣ ወንጭፍህን ከኋላህ አትደብቅ፣ አይቼዋለሁ።

ተረቴን ጨረስኩ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ። ተረቴን መልሱ፣ በእንኮይ አፌን አብሱ!